የሚከራይ ክፍል በዊንጌት

በአዲስ አበባ ቤት ፈላጊ የሆነ ወጣት ወደ ዊንጌት ቢወጣ አይፈረድበትም። በአንድ ወገን የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልና የሕክምና ኮሌጁ፥ በሌላው ወገን የቴክኒክ ኮሌጁ ይገኛል፤ ወደ አስኮ የሚያልፈውም ታክሲ ብዙ ነው። ተማሪውም፥ ነርሷም፥ ትናንት ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት የተቀጠረውም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም አልጋ፥ ጠረጴዛና ጥቂት መጻሕፍት የሚያስገባ፥ ቁልፍ ያለው ክፍል።

ሰፈሩ ስሙን የወረሰው በ1930ዎቹ መጨረሻ ከተከፈተው ከጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው። ያ ትምህርት ቤት አዳሪዎችን የሚቀበል ስለ ነበረ የዘመኑ ተማሪ መኝታውን ከትምህርቱ ጋራ ያገኝ ነበር፤ ደላላ የሚባለውን ሰው ቢያውቀው ምናልባት በበግ ገበያ ነው። የዛሬው ተማሪ ግን ደላላውን ከመምህሩ ይበልጥ ሳያውቀው አይቀርም።

በቅርቡ ከአንድ ጓደኛችን ጋራ ሁለት ቅዳሜ ተመላልሰን በአካባቢው ሰባት ክፍል አየን። ስድስቱ ሰርቪስ ናቸው፤ ከዋናው ቤት ኋላ አጥሩን ተጠግተው የተሠሩ፥ ጣራቸው ቆርቆሮ፥ ቧንቧውና መጸዳጃው ለግቢው ሁሉ የጋራ የሆነ። ሰባተኛው ፎቅ ላይ ነበር፤ ዋጋውን ሰምተን ደረጃውን ቶሎ ወረድን። ባለቤቶቹ ስለ ኪራዩ ከመናገራቸው በፊት የሚያቀርቡትን ጥያቄ አንድ ሰው ለሁሉም ያስጠናቸው ይመስላል። «ስንት ናችሁ? እንግዳ ይበዛባችኋል? ማታ በስንት ሰዓት ትገባላችሁ? ምጣድ ትሰካላችሁ?» ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ አንድ ሰው ተጨመረ ማለት ብዙ ጀሪካን ተጨመረ ማለት ነውና ጥያቄው ከንቱ አይደለም።

በአንዱ ግቢ ያገኘናቸው እናት ክፍሉን ካሳዩን በኋላ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ጠየቁ። ጓደኛችን በትሕትና፥ «እማማ፥ ሕጉ እኮ ከሁለት ወር በላይ ማስከፈልን ይከለክላል» አላቸው። እርሳቸውም ሳይቆጡ፥ «ልጄ፥ ሕግ የሚያውቅ ተከራይ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ብለው በሩን መልሰው ቆለፉት።

ሕጉ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሲሆን፥ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፥ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፥ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ያዝዛል። ጭማሪውም ባለቤቱ እንደ ወደደ የሚያደርገው ሳይሆን፥ ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያስታውቀው መጠን የሚወሰን ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተሻሽሎ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ 11,500 ብር ሲሆን፥ «ወሬውን ከእኛ ቀድሞ የሰማው አከራያችን ነው» እየተባባልን ቀልደን ነበር። ውሉን ያስመዘገበ ተከራይ እንዲህ ባለው ቀልድ ከልቡ ሊስቅ ይችላል፤ ያላስመዘገበው ግን መሳቁን እንጃ።

ይሁን እንጂ አዋጁ የሚጠብቀው ከበሩ በስተ ውስጥ ያለውን ሰው ነው። ገና በር የሚያንኳኳውን ግን ብዙም አይረዳውም፤ እንዲያውም ባለቤቱ ለሁለት ዓመት የማያስወጣውን ሰው ሲያስገባ ይበልጥ ይመርጣል፥ ይጠራጠራል፥ ለዘመድ ወይም ውል ለማይጠይቅ ሰው መስጠትን ይወዳል። የእኚያን እናት ነገር ስስት ነው ብለን ልናልፈው አንችልም። መተዳደሪያቸው ያቺ ክፍል ብቻ ከሆነች፥ የማይከፍል ተከራይ ሁለት ዓመት ቢቀመጥባቸው ማን ይደርስላቸዋል?

ነገሩ ለከተማችን አዲስ አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሲሆን፥ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ ለብዙ ዓመታት ባለበት ስለ ቆየ፥ በዚያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ የተገኘ ሰው እጅግ ተጠቀመ። ለማከራየት ብሎ አዲስ ቤት የሚሠራ ግን ጠፋ፤ መንግሥትም የጎደለውን አልሞላውም። ከዚያ በኋላ ወደ ከተማ የመጣው ሰው ዕጣው ደባል መሆን ሆነ።

ኮንዶሚኒየም ሲጀመር ይህ ሁሉ የሚያበቃ መስሎ ነበር። በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ ተሞክሮ በ1997 ዓ.ም. ምዝገባው ሲከፈት ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ፤ በ2005 ዓ.ም. እንደገና ሲከፈትም ሕዝቡ ጎረፈ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ለ25 ሺህ ያህል ቤቶች የወጣው ዕጣ በኮምፒዩተሩ ሥርዓት ላይ ማጭበርበር ተገኝቶበት ተሰርዞ፥ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ዳግመኛ መውጣቱን አንባቢ ያስታውሳል። የዛሬ ምሩቅ ግን በ2005 ዓ.ም. የዐሥር ዓመት ልጅ ስለ ነበረ ስሙ በመዝገቡ ላይ የለም። ኮንዶሚኒየም ቢገባ እንኳ የሚገባው ዕጣ የወጣለትን ሰው ተከራይቶ ነው። ከዚህም በላይ እንጦጦ ከተማውን በሰሜን ስለ ዘጋው ሰፋፊዎቹ መንደሮች የተሠሩት በምሥራቅና በደቡብ ዳር፥ በቦሌ አራብሳ፥ በየካ አባዶ፥ በኮዬ ፈጬ ነው። ከኮዬ ፈጬ ተነሥቶ ጳውሎስ ሆስፒታል የሚሠራ ሰው በየቀኑ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል፤ በኪራይ ያተረፈውንም ታክሲው ይወስድበታል።

እኛ የሚገርመን፥ ይህን ሁሉ ቤት ስንሠራ የታሰበው ለባለቤትነት እንጂ ለኪራይ አለመሆኑ ነው። የቪዬና ማዘጋጃ ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1923 እስከ 1934 ድረስ፥ በቅንጦት ቤቶች ላይ የሚከብድ የቤት ግብር ጥሎ ከ60 ሺህ በላይ መኖሪያ ሠራ። የሠራውንም አልሸጠም፤ አከራየው። ዛሬም ከ200 ሺህ በላይ ቤት ያከራያል። ከተማችን የቪዬናን ገንዘብ የላትም፤ ነገር ግን በጉለሌ የሚፈርሰው አሮጌ ቀበሌ ቤት ብዙ ነው፤ ከሚነሡት ቦታዎች በጥቂቶቹ ላይ አንዳንድ ክፍል ያላቸው፥ የማይሸጡ የኪራይ ቤቶች ቢሠሩ ለጀማሪ ሠራተኛና ለተማሪ ከዕጣ ይልቅ ይቀርቡት ነበር።

ጓደኛችን በመጨረሻ ወደ አስኮ ዳር ሄዶ ከአንድ ሌላ ሠራተኛ ጋራ ደባል ገባ። ኪራዩን እኩል ይከፍላሉ፤ በወረዳው የተመዘገበው ውል ግን በቀደመው ሰው ስም ብቻ ነው።