በሊኑክስ የሚቀረጹ ዲስኮችና የአማርኛ ፋይል ስሞች

በጎጃም በዋሸራ ወይም በዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ መምህራንን ድምፅ ቀድቶ የተመለሰ ተመራማሪ ፋይሎቹን በአማርኛ ቢሰይም አያስገርምም። የመምህሩ ስም፣ የቅኔው ዓይነትና ዕለቱ በፋይሉ ስም ላይ ይሰፍራሉ፤ ድምፁ ጉባኤ ቃና ይሁን መወድስ ሳይደመጥ የሚታወቀውም በዚሁ ስም ነው። ፋይሎቹ ለቤተ መጻሕፍት በሲዲ ወይም በዲቪዲ ሲተላለፉ ግን፣ በተለምዶ «በርን ማድረግ» የሚባለው ሥራ ያለ አንዳች የስህተት መልእክት ተጠናቅቆ ስሞቹ ጠፍተው ሊገኙ ይችላሉ።

የስህተት መልእክት የሚሰጡ ብልሽቶች በአንጻሩ ቀላል ናቸው። ብራዜሮና ኬ3ቢ የሚታዩ ገጽታዎች እንጂ ቀራጮች አይደሉም፤ ዲስኩን የሚቀርጹት ከበስተኋላቸው ያሉት እንደ ዎዲምና ግሮውአይሶኤፍኤስ ያሉ መሣሪያዎች ናቸው። ስለዚህ በመስኮቱ ላይ «ቀረጻው አልተሳካም» ሲባል እውነተኛው ምክንያት የሚገኘው በሥራ መዝገቡ (ሎግ) ውስጥ ነው። መዝገቡ ድራይቩ ተይዟል ካለ ዴስክቶፑ ዲስኩን በራሱ ማውንት አድርጎት ይሆናል። ፈቃድ የለም ካለ ተጠቃሚው «ሲዲሮም» በተባለው ቡድን ውስጥ መኖሩ ይታይ። የሌዘር ኃይል ልኬት ስህተት ከሆነ ጥርጣሬው በባዶ ዲስኩ ወይም አቧራ በያዘው ሌንስ ላይ ይውደቅ፤ የቀረጻውን ፍጥነት መቀነስም አንዳንዴ ይረዳል። መብራት በሚቆራረጥበት ስፍራ ደግሞ አንዴ ብቻ የሚጻፍበት ዲስክ በመካከል ከተቋረጠ አብዛኛውን ጊዜ የሚጣል ነው።

የስሞቹ መጥፋት ምንጩ ሌላ ነው። የዲስኩ መሠረታዊ የፋይል ሥርዓት አይኤስኦ 9660 እ.ኤ.አ. በ1988 ሲወጣ በመጀመሪያ ደረጃው የፈቀደው 8 ፊደልና 3 የቅጥያ ፊደል ብቻ ነበር፤ ያውም በላቲን። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ከ11 ዓመት በኋላ ነው። ክፍተቱን የሚሞሉ ሁለት ማራዘሚያዎች አሉ። ሮክ ሪጅ ለዩኒክስ ቤተሰብ የተበጀ ሲሆን ጆሊየት የማይክሮሶፍት ነው። ሊኑክስ ሁለቱንም ያነባል፤ ሁለቱም ካሉ ግን ሮክ ሪጅን ያስቀድማል። ዊንዶውስ ሮክ ሪጅን ጨርሶ አያነብም። ስለዚህ ያለ ጆሊየት የተቀረጸ ዲስክ በተመራማሪው ኮምፒውተር ላይ እንከን የለሽ መስሎ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ዊንዶውስ ላይ የሰረዝና የቁጥር ድርድር ይሆናል። ድምፁ አለ፤ የማን እንደሆነ ግን አይታወቅም።

በብራዜሮ ከዊንዶውስ ጋር ተስማሚነትን የሚጨምረው ምርጫ፣ በኬ3ቢ ደግሞ ሊኑክስንና ዊንዶውስን ያጣመረው የፋይል ሥርዓት ጆሊየትን ያስገባል። ይህም ገደብ አለው፤ ጆሊየት ከ64 ፊደል በላይ አይቀበልም፣ የተረፈውን ይቆርጣል። ዕለቱ በረጅም ስም መጨረሻ ላይ ከተጻፈ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነውና ወደ ፊት ቢመጣ ይመረጣል።

ባዶ ዲስክ ሳያባክኑ ለመፈተሽ በቅድሚያ የዲስኩን ምስል በሃርድ ዲስክ ላይ ማዘጋጀት ይበጃል። ምስሉ «ኖሮክ» በሚለው ምርጫና በዩቲኤፍ-8 የፊደል ስብስብ ማውንት ሲደረግ ሊኑክስ ሮክ ሪጅን ትቶ ጆሊየትን ያነባል። በዚያ ጊዜ የሚታዩት ስሞች የቤተ መጻሕፍቱ አንባቢ የሚያያቸው ናቸው።