የታመመ ዲስክ ምስል አወሳሰድ፦ ከጎብዬ የመጣ አንድ ሃርድ ዲስክ ያስተማረኝ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ)



የዛሬው ርእሴ በተለምዶ ለጥገና ክፍል የሚተው ነው። የአንድን ኮምፒዩተር ሙሉ ምስል ለመጠባበቂያ ልንወስድ ስንጀምር ሥራው መንገድ ላይ ይቆምና «ከዲስኩ ማንበብ አልተቻለም» የሚል መልእክት ይወጣል። ምን ይደረግ? ለብዙ ዓመታት ለተማሪዎቼ የምሰጠው መልስ አንድ መስመር ነበር፦ «ቼክዲስክን አስኬዱና እንደገና ሞክሩ።» ይህን መልስ ያስተወኝ ከትውልድ ቦታዬ ከጎብዬ የመጣ አንድ ሃርድ ዲስክ ነው።

ጎብዬን ለማታውቁ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። ሀገሩ የማሽላና የጤፍ ሀገር ነው፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ሰውን ጥላ ለጥላ ያስኬዳል፣ አቧራውም በተዘጋ መስኮት ይገባል። የሃርድ ዲስክ አምራቾች ለብዙዎቹ ሞዴሎቻቸው የሚያስቀምጡት የሥራ ሙቀት ጣሪያ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ቢሮ፣ አየር ማስገቢያው በአቧራ በተደፈነ ሣጥን ውስጥ፣ ወደዚህ ቁጥር መጠጋት አስቸጋሪ አይደለም። በዚህ ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሳይታሰብ የሚጠፋውንና የሚነሣውን ዲስክ ጨምሩበት።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ራያ ቆቦ በደረሰ ጊዜ አካባቢው ለወራት ያለ መብራት፣ ያለ ስልክና ያለ ባንክ ቆየ። ስሙን የማልጠቅሰው የአካባቢው አንድ ትምህርት ቤት የወረቀት ሮስተሮቹን በዚያ ወቅት አጣ። የተረፈው የሪከርድና ማኅደር ክፍሉ ኮምፒዩተር ውስጥ የነበረው ባለ 500 ጊጋባይት ዲስክ ብቻ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ዲስኩን በነጠላ ጠቅልላ፣ በፌስታል አድርጋ ቤቴ ድረስ አመጣችልኝ።

«ጋሼ፣ የልጆቹ ውጤት በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው። ሌላ የለንም» አለችኝ።

«አብሽሪ፣ ዛሬውኑ ገልብጬ እሰጥሻለሁ» አልኳት። ይህን ያልኩት ዲስኩን ሳልመረምር ነው።

ምስል ስንል የፋይሎች ቅጂ ማለታችን አይደለም። ዲስክ ሴክተር በሚባሉ እኩል ክፍሎች የተከፈለ ነው፤ አንድ ሴክተር በቀድሞው ልማድ 512 ባይት፣ በአዳዲሶቹ 4,096 ባይት ይይዛል። ባለ 500 ጊጋባይት ዲስክ በ512 ሲካፈል ወደ 976 ሚሊዮን ሴክተር ይሆናል። ሙሉ ምስል መውሰድ ማለት እነዚህን ሁሉ በተራቸው አንብቦ በሌላ ቦታ በዚያው ተራ መጻፍ ነው። ጤናማ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢነበብ ሥራው በ5,000 ሰከንድ፣ ማለትም በአንድ ሰዓት ከ23 ደቂቃ ያልቃል። ፋይል ስንገለብጥ የምንነካው የምንፈልገውን ብቻ ስለሆነ የዲስኩ ሕመም ለዓመታት ተደብቆ ሊኖር ይችላል። ምስል ስንወስድ ግን ማንም ያልረገጠውን ጥግ ሁሉ እንረግጣለን። ስለዚህም «ኮምፒዩተሩ ደኅና ይሠራ ነበር፤ ያበላሸው ምስል መውሰዱ ነው» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም። ሕመሙ ነበረ፤ ያየነው አሁን ነው።

ስሕተቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው የት እንዳለ ነው። አራት ቦታ ሊሆን ይችላል፦ የሚነበበው ዲስክ፣ የሚጻፍበት ዲስክ፣ በመካከል ያለው መንገድ፣ ወይም በዲስኩ ላይ የተዘረጋው የፋይል ሥርዓት።

የሚጻፍበትን ቶሎ ልለፈው። ምስሉ ልክ 4 ጊጋባይት ሲደርስ የሚቆም ከሆነ ዲስኩ አልታመመም፤ መድረሻው በፋት 32 የተዘጋጀ ነው፤ ይህ ሥርዓት ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። በኤንቲኤፍኤስ ወይም በኤክስፋት ማዘጋጀት ይበቃል። ሁለተኛው በገበያችን የሚሸጠው፣ በላዩ ላይ የተጻፈው አቅም የሐሰት የሆነ ፍላሽ ነው፤ ምንም ሳያጉረመርም ይቀበልና ሲመለስ ባዶ ይሰጣል።

መንገዱ ኬብሉ፣ የዩኤስቢ ማገናኛው፣ የኃይል አቅርቦቱና ራሱ የኮምፒዩተሩ ራም ነው። አንድን ዲስክ ሁለት ጊዜ አንብባችሁ፣ በመካከል ምንም ሳይጻፍበት፣ የሁለቱ ምስሎች የሻ-256 አሻራ ከተለያየ ራሙን ወይም ኬብሉን ጠርጥሩ። የተለመደው ዩኤስቢ 2 ወደብ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፤ አንዳንድ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ሲነሣ ከዚህ በላይ ይፈልጋል፤ ሲያጣ ቀጭ ቀጭ እያለ ይጠፋል። የሞተ የመሰለ ዲስክ የራሱ ኃይል ባለው ማከፋፈያ ሲሰካ ሲነሣ አይቻለሁ።

እነዚህን ከዲስኩ ሕመም የሚለይልን ዲስኩ ራሱ የሚይዘው «ስማርት» የሚባል የጤና መዝገብ ነው። ብዙ ቁጥሮች አሉት፤ እኔ የማያቸው አራት ናቸው። 5ኛው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮችን ይቆጥራል። 197ኛው ማንበብ አቅቶት ውሳኔ የሚጠብቁትን፣ 198ኛው ዲስኩ ራሱን ሲፈትሽ ሊያነባቸው ያልቻለውን ይቆጥራል። 199ኛው ግን በዲስኩና በኮምፒዩተሩ መካከል በመተላለፍ ላይ ሳለ የተበላሸውን የሚቆጥር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚከሰሰው ኬብሉ ነው። ኬብሉ ሲቀየር ቁጥሩ ወደ ዜሮ አይመለስም፤ መታየት ያለበት ማደግ ማቆሙ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። የጎብዬውን ዲስክ ሰካሁ፤ ምስል መውሰጃው ፕሮግራም ትንሽ ሄዶ ቆመና ቼክዲስክን እንዳስኬድ መከረኝ። አስኬድኩት። ስማርቱን ያየሁት ዲስኩ መንቋቋት ከጀመረ በኋላ ነው። 197ኛው ቁጥር በመቶዎች ነበር።

የፕሮግራሙ ምክር ሐሰት አይደለም። ዲስኩ ጤናማ ሆኖ መብራት በድንገት በመጥፋቱ የፋይል ሥርዓቱ ብቻ ከተዛባ መድኃኒቱ እርሱ ነው። ነገር ግን ቼክዲስክ የሚጽፍ መሣሪያ ነው። ማውጫው ያለበት ሴክተር አልነበብ ሲል ከማውጫው የተቆረጡትን ፋይሎች ባለቤት እንደሌላቸው ቆጥሮ ወደ ሌላ አቃፊ በቁጥር ስም ይሰበስባቸዋል፤ ያልገባውን መዝገብ ይሰርዛል። ዲስኩም የራሱ ሕግ አለው። ውሳኔ የሚጠብቅ ሴክተር የሚተካው አዲስ ነገር ሲጻፍበት ነው፤ በተጻፈበት ቅጽበት ደግሞ ቀድሞ የነበረው ለዘለዓለም ይሄዳል። አሥር ጊዜ አልነበብ ብሎ በአሥራ አንደኛው ሊነበብ ይችል የነበረውን ቃል በ«ጥገና» ስም እናጠፋዋለን። እኔ ያጠፋሁት እንዲህ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ መጀመሪያ ምስሉ፣ ጥገናው በኋላ፤ ያውም በምስሉ ቅጂ ላይ።

ግን የማይነበብ ዲስክ እንዴት ምስል ይሰጣል? ብዙ ምስል መውሰጃ ፕሮግራሞች በመጀመሪያው የማይነበብ ሴክተር ይቆማሉ። «ስሕተትን እለፍ» የሚለው ምርጫ ያላቸውም አሉ፤ ነገር ግን የታለፈው ቦታ በምስሉ ላይ ስፋቱን የጠበቀ ባዶ ሆኖ መቅረት አለበት። የፋይል ሥርዓት አድራሻውን የሚቆጥረው ከመጀመሪያው ነው፤ አንድ ሴክተር ተዘልሎ ተከታዩ ቢጠጋበት ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቦታውን ይስታል። የብራና መጽሐፍ ሲገለበጥ የተፋቀ መስመር ያጋጠመው ጸሐፊ ቦታውን ክፍት ትቶ ቢቀጥል አንባቢ ጉድለቱን ያያል፤ ገጥሞ ቢጽፈው ግን ጉድለቱ ንባብ ይመስላል። ንጽጽሩን ያመጣሁት ለጌጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከእኛው ወሎ የሐይቅ እስጢፋኖሱ የኢየሱስ ሞአ ወንጌል በ1832 ቁጥር ተነሥቷል፤ ፊልሞቹ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል፣ እንዲቀመጡ ተደረገ። ብራናውን ሳይነኩ መጀመሪያ ማንሣት፣ ቅጂውንም በሁለት ቦታ ማኖር ከኮምፒዩተር የቀደመ ጥበብ ነው።

ለዲስክ ይህን በሚገባ የሚሠራው አንቶኒዮ ዲያዝ ዲያዝ የጻፈው፣ በነፃ የሚገኘው «ዲዲሬስኪው» ነው። ብልኃቱ ትዕግሥቱ ላይ ነው። በመጀመሪያው ዙር በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይሰበስባል፤ ችግር ያለበት ቦታ ሲደርስ አይታገልም፣ ዘልሎ ይሄዳል። ከዚያ ተመልሶ የችግሩን ዳርቻ ከሁለት ወገን ያጠብባል፤ ከዚያ የቀረውን ሴክተር በሴክተር ይፍቃል፤ በመጨረሻ የታዘዘውን ያህል ጊዜ ይደጋግማል። ሊሞት የተቃረበ ዲስክ የሚሰጠን የተወሰነ ሰዓት ስለሆነ ያንን ሰዓት አስቀድሞ በደኅናው ላይ ማዋል አለብን። እያንዳንዱን እርምጃ በካርታ ፋይል ስለሚመዘግብም መብራት ቢሄድ ካቆመበት ይቀጥላል። ለእኛ ሀገር ይህ ትልቅ ነገር ነው! ካርታውን መያዝ የረሳ ግን ሁሉንም እንደ አዲስ ይጀምራል።

ሥራውን በሌሊት፣ በዩፒኤስ፣ ዲስኩ ላይ ማራገቢያ አዙሬ፣ ሲሞቅ እያሳረፍኩ ሠራሁት። በጤናማ ዲስክ ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች የሚፈጀው ዘጠኝ ሌሊት ፈጀ። ያልተነበቡት በአብዛኛው ስምንት ስምንት ሆነው የተያያዙ ነበሩ፤ ይህም በውስጡ 4,096 ባይት የሚጽፍ፣ ለኮምፒዩተሩ ግን 512 እያስመሰለ የሚያሳይ ዲስክ ምልክት ነው። ካርታውን ከፋይል ሥርዓቱ ጋር ሳስተያየው ከተበላሸው የሚበዛው ዊንዶውስ ለጊዜያዊ ማስታወሻ በሚጠቀምበት ፋይል ውስጥ ሆነ፤ እርሱ ቢጠፋ ማንም አያለቅስም። የአንድ ዓመት የ10ኛ ክፍል ሮስተር ግን ተነካ፤ ቼክዲስክ በቁጥር ስም ከሰበሰባቸው መካከልም ሁለት ፋይሎች አልከፈት አሉ።

ስደውልላት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «የትኛው ዓመት ነው ጋሼ?»

ነገርኳት። የእኔ እጅ ያጠፋው የቱ እንደሆነም ለይቼ ነገርኳት። እርስዋና መምህራኑ ተማሪዎቹን በየቤታቸው እየፈለጉ ከሪፖርት ካርዳቸው ውጤቱን መልሰው መሙላት ጀመሩ። ካርዱን ያላገኙለት ተማሪ ስም አጠገብ ያለው ሣጥን ባዶ ቀረ፤ በግምት እንዳይሞላም ተስማማን።

ምስሉ አሁን በሦስት ቅጂ አለ፤ አንዱ ጎብዬ፣ አንዱ ወልድያ፣ አንዱ እኔ ዘንድ። በየስድስት ወሩ አሻራውን እናስተያያለን፤ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ በትርፍ ዲስክ ላይ መልሰን ዘርግተን አንድ ትራንስክሪፕት አትመን እናያለን። የመጀመሪያው ዲስክ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ጥያቄ ያላችሁ መጥታችሁ ስማርቱን ልታነቡ ትችላላችሁ፤ ንባብ ብቻ ነው የሚፈቀደው።