ብርሃኑ ዘሪሁንና የወሎ ረሀብ

ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚያልፈው መንገድ ጎብዬን ሲያቋርጥ የማሽላና የጤፍ እርሻ ይታያል። ዝናቡ በጊዜው ከጣለ የራያ ቆላ ለራሱ በቅቶ ለሌላው የሚተርፍ አገር ነው። በ1965 ዓ.ም. ግን ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀው ይኸው አውራ ጎዳና የተራቡ ገበሬዎች ተሰልፈው የቆሙበት፣ አውቶቡስና መኪና እያስቆሙ ምግብ የለመኑበት ነበር። ከእኛ መካከል ጎብዬ ተወልደን ያደግን ስላለን፣ ይህ ታሪክ በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ እንዴት እንደ ገባ ለማወቅ ፈለግን። ፍለጋውም ወደ ጋዜጠኛውና ደራሲው ወደ አቶ ብርሃኑ ዘሪሁን መራን።

አቶ ብርሃኑ በ1926 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር ተወለዱ። የቤተ ክህነት ትምህርት ከቀመሱ በኋላ በመንግሥት ትምህርት ቤት ገብተው፣ ቀጥሎም አዲስ አበባ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሩ። የተማሩት የእጅ ሙያ ቢሆንም እንጀራቸው የሆነው ብዕር ነው። የ«የኢትዮጵያ ድምፅ» እና የ«አዲስ ዘመን» ጋዜጦች አዘጋጅ ሆነው ሠርተዋል። በ1952 ዓ.ም. «ሁለት የእንባ ደብዳቤዎች» የተባለውን መጽሐፍ አወጡ። «ድል ከሞት በኋላ» የደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች በዘር መድልዎ አገዛዝ ሥር የሚያዩትን መከራ ያወሳል፤ የአገራችን ደራሲ ከአገር ውጭ ያለውን የጥቁር ሕዝብ ትግል የልብ ወለድ ጉዳይ ማድረጉ በዚያ ዘመን እምብዛም የተለመደ አልነበረም። ከዚያም «የበደል ፍጻሜ»፣ «አማኑኤል ደርሶ መልስ» እና በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ ዕንባ» ተከተሉ። ቴአትርም ጽፈዋል፤ እርሱን ግን ለሌላ ጊዜ እንተወዋለን።

አንባቢዎች አቶ ብርሃኑን ከሁሉ ይልቅ የሚያስታውሷቸው በዓረፍተ ነገራቸው ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን ካሳተሙ ወዲህ ብዙው የአማርኛ ዝርው ጽሑፍ ረዥም ነበር። አንዱ ሐሳብ በሌላው ላይ እየተቀጠለ፣ ማሰሪያው አንቀጽ ገጹን አጋምሶ ይመጣል። ይህ አጻጻፍ የራሱ ጣዕም አለው፤ እኛም አንነቅፈውም። አቶ ብርሃኑ ግን አጭር ጻፉ። አንድ ድርጊት፣ አንድ አንቀጽ፣ ከዚያ አራት ነጥብ። ይህን ልማድ ያመጡት ከጋዜጣ ነው ብለን እናምናለን፤ የጋዜጣ ዓምድ ጠባብ ነው፣ አንባቢውም ቆሞ የሚያነብ ሰው ነው።

ነገር ግን የጋዜጣን ቋንቋ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በጋዜጣ ሁሉን መናገር ሌላ ነው። በ1965 ዓ.ም. ትልልቆቹ ጋዜጦች የመንግሥት ስለ ነበሩ ረሀቡ በግልጽ አልተነገረም። በዚያው ዓመት ወደ አዲስ አበባ በእግራቸው የተነሡ አንድ ሺህ አምስት መቶ ያህል የወሎ ገበሬዎች በፖሊስ እንዲመለሱ ተደረጉ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢው ውስጥ አሳዩ፤ ተማሪውም ጉዳዩን ያወቀው በዚህ ነው። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን ለዓለም ያሳየው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው። የሟቾቹን ቁጥር አንዳንዶች 40,000፣ ሌሎች እስከ 200,000 ያደርሱታል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በኋላ እንዳስረዳው፣ ችግሩ እህል ከአገር መጥፋቱ ብቻ አልነበረም። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ ከወሎ ወደ ውጭ የተጫነ እህልም ነበር። አዝመራው የከዳውና ከብቱ ያለቀበት ገበሬ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም።

እዚህ ላይ የሩሲያውን ደራሲ ኮሮሌንኮን ማንሣት ይጠቅማል። እርሱም እንደ አቶ ብርሃኑ ልብ ወለድንና የጋዜጣ ጽሑፍን ያጣመረ ሰው ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1892 በኒዥኒ ኖቭጎሮድ ክፍለ ሀገር ረሀብ ሳለ፣ ሹማምንቱ «ረሀብ የለም፣ ገበሬው ሰነፍ ነው» ወደሚሉበት ወደ ሉኮያኖቭ ወረዳ ሄደ። የምግብ ማደያ አቋቋመ፤ ያየውንም በጋዜጣ አወጣ፣ በማግሥቱም ዓመት መጽሐፍ አደረገው። በንጉሠ ነገሥቱ ሩሲያም ሳንሱር ነበረ፤ ሆኖም ጽሑፉ የታተመው ሰዎቹ ገና እየተራቡ ሳሉ ነው።

የእኛው መጽሐፍ ግን ዘገየ። «ማዕበል» በሦስት ቅጽ የወጣው በ1970ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ ነው፤ ቅጾቹም «የአብዮት ዋዜማ»፣ «የአብዮት መባቻ» እና «የአብዮት ማግሥት» ይባላሉ። የወሎ ድርቅና ረሀብ የሚነገረው በመጀመሪያው ውስጥ ነው። በእኛ አስተያየት ከሦስቱ የሚበልጠውም እርሱ ነው፤ በኋላ በኋላ ፖለቲካው ሰዎቹን ይጋርዳቸዋል።

ባለፈው ክረምት ከዚህ ቅጽ ጥቂት ገጾች ጎብዬ ለአንድ ሽማግሌ አነበብንላቸው። ሽማግሌው ፊደል አልቆጠሩም። ቢሆንም አንድም ጊዜ «ምን ማለት ነው?» ብለው አላቋረጡንም፤ ስለ አጭሩ ዓረፍተ ነገር ካነበብነው ሁሉ ይህ ይበልጥ አስረዳን። ስንጨርስ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መቼ ተጻፈ አላችሁ ልጆቼ?»

ዓመቱን ነገርናቸው። በጣታቸው ቆጠሩና «እህ፣ ያ መንግሥት ከሄደ በኋላ ነዋ» አሉ።

ነገሩ እንዳሉት ነው። የንጉሡን ዘመን ረሀብ መጻፍ በደርግ ዘመን አያስቀጣም ነበር፤ እንዲያውም ለአዲሱ መንግሥት የሚስማማ ነበር። ይሁን እንጂ የሦስተኛው ቅጽ ቀለም ብዙም ሳይቆይ ያው መንገድ እንደ ገና በተራቡ ሰዎች ተሞላ። ከቆቦ በስተ ሰሜን ከአላማጣ ዳገት በላይ ያለው ኮረም በ1977 ዓ.ም. የዓለም መነጋገሪያ ሆነ። በዚያ ዓመት መስከረም አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር ስለ ረሀቡ የተነገረው ጥቂት ነበር። የ1965ቱን ዝምታ ያወገዘው መንግሥት ራሱ ዝም አለ።

ከዚህ የተነሣ «ማዕበል» ዋጋ የለውም የሚል ጓደኛ አለን፤ እኛ አንስማማም። የሴን ትንታኔ ገበሬው ለምን መግዛት እንዳልቻለ ይነግረናል፤ በራሱ ቋንቋ፣ በሚገባው ዓረፍተ ነገር መከራውን የሚተርክለት ግን ልብ ወለዱ ነው። የጎብዬው ሽማግሌም የዓመቱን ነገር ካነሡ በኋላ ንባቡን እንድንቀጥል ጠይቀውናል።

አቶ ብርሃኑ በ1979 ዓ.ም. አረፉ። በዚያው ዓመት ዳግመኛ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የተመለሱበት «የታንጉት ምስጢር» ታትሟል። እኛም በሚመጣው እትም የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ጋዜጦችን ከ«ማዕበል» የመጀመሪያ ቅጽ ጋር ጎን ለጎን አንብበን፣ ስለ ወሎ የትኛው ምን እንደ ተናገረ በዝርዝር ለማቅረብ አስበናል።