ፍሎረሰንቱን ከማውረዳችሁ በፊት

ስለ ቤት አስተዳደር ሲነሳ ባለትዳሮች የሚነጋገሩት ስለ አስቤዛ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ጣሪያው ላይ የተሰቀለው መብራት እንቢ ካላለ በቀር አይታወስም። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ከተሞች ግን እንቢ የሚልበት ምሽት ጥቂት አይደለም። ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ ሲያሰማ የመስመሩ ኃይል ይደክማል። ያን ጊዜ ፍሎረሰንቱ ዳርና ዳሩ ይቀላል፣ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ግን አይበራም። ልጆች ደብተራቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ፤ የቤተሰቡ ጸሎትም በስልክ ባትሪ ይሆናል።

ለምን አይበራም?

ፍሎረሰንት የሚነሳው ስታርተሩና ባላስቱ ተጋግዘው ለቅጽበት ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲሰጡት ነው። ለ220 ቮልት የተሠራው ባላስት መስመሩ ሲደክም ይህን ማድረግ ያቅተዋል። ኤልኢዲ ግን ይህ ግፊት አያስፈልገውም። ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ የሚደርሰውን ኃይል ያመጣጥንለታል። ከ85 እስከ 265 ቮልት የሚሠሩ ቱቦዎች ስላሉ፣ ስትገዙ ካርቶኑን አንብባችሁ የቮልት ወሰኑ ሰፊ የሆነውን ምረጡ።

ነጩ ኤልኢዲ ሊገኝ የቻለው ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ ሰማያዊውን ኤልኢዲ ስለሠሩ ነው። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በገጠርም መስመር ያልደረሰው ቤት ፍሎረሰንትን ሳያይ ከኩራዝ በቀጥታ ወደ ፀሐይ ፋኖስ ሲሻገር፣ ፋኖሱ ውስጥ የምታበራው ይህችው ኤልኢዲ ናት።

ስሌቱን አብረን እንሥራ

1.20 ሜትር ርዝመት ያለው የተለመደው ቱቦ 36 ዋት ነው፤ ከባላስቱ ጋር 45 ዋት ያህል ይፈጃል። በቦታው የሚገባው ኤልኢዲ 18 ዋት አካባቢ ነው። በቀን 5 ሰዓት የሚበራ አንድ ቱቦ ብትለውጡ በወር 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ታተርፋላችሁ። 12 ቱቦ ያለው የጸሎት አዳራሽ በየቀኑ ለ4 ሰዓት ቢያበራ ደግሞ በወር 39 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይቆጥባል።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በአንድ ሰዓት ብቻ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ስለዚህ ባል አንድ መብራት ለውጦ የካርዱ ብር እጥፍ ይቆያል ብሎ ቢጠብቅ፣ ሚስትም “የታለ ቁጠባው?” ብላ ብትጠይቅ፣ ቤቱ ውስጥ ሰላም አይኖርም። ለአዳራሽ ቁጠባው ትልቅ ነው፤ ለቤት ግን ትልቁ ጥቅም ምሽቱ ነው።

አለዋወጡን እወቁ

ሁሉም ኤልኢዲ ቱቦ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ስታርተሩ ወጥቶ አብሮት የመጣው ምትክ ሲገባ ይሠራል። ሌላው ባላስቱ ጭምር ተነቅሎ በቀጥታ ከመስመር ይገናኛል። በአንድ ጫፉ ብቻ ኃይል የሚቀበልም አለ። ያለቦታው ከተገናኘ ሊቃጠል፣ ሰውንም ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያ ጥሩ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማብሪያ ማጥፊያው ብቻ ሳይሆን ቆጣሪው ጋ ያለው ብሬከር ይውረድ። ባላስቱ ከተነቀለ “ለኤልኢዲ ብቻ” ብላችሁ ጻፉበት፤ ነገ ሌላ ሰው ፍሎረሰንት እንዳይሰካበት።

የወረደው ቱቦ የት ይገባል?

እናቶች ይህን ልብ በሉ። ፍሎረሰንት ውስጥ ሜርኩሪ አለ፤ ጥቂት ቢሆንም መርዝ ነው። የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ከዓመታት በፊት በአሮጌ አምፖል ይለውጥ የነበረው ጥምዝምዙ ኃይል ቆጣቢም የዚሁ ወገን ነው። በዚሁ በሜርኩሪ ምክንያት የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2023 ጄኔቭ ላይ ተሰብስበው የፍሎረሰንት ቱቦ ምርትና ንግድ እስከ 2027 እንዲቆም ወስነዋል።

ስለዚህ ቱቦው የልጆች ሰይፍ አይሁን። አትስበሩት፣ አታቃጥሉት፣ ጉድጓድ ውኃ አጠገብም አትጣሉት። በአዲሱ ቱቦ ካርቶን ከትታችሁ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡና የት እንደሚወገድ ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቁ። ከተሰበረ ልጆችን አስወጡ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ። በመጥረጊያ አትጥረጉት፤ ዱቄቱ ይበናል። ስብርባሪውን በወፍራም ወረቀት አንሱ፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ሁሉንም ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ዝጉት።

ሁሉንም በአንድ ቀን ለመለወጥ አቅም ከሌለ ባልና ሚስት ቁጭ ብላችሁ ተመካከሩ። ልጆች ከሚያጠኑበት ክፍል ጀምሩ፤ ሌላው ሲቃጠል በተራው ይለወጣል።