ማህፀን ስለ መውረድ፦ የሚወራውና የሚታወቀው

አዲስ አበባ ውስጥ መሪ ባቡር ጣቢያ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው የየካን ተራራ ከነባሕር ዛፉ ያየዋል። ረፋዱ ላይ ከዚያ ጫካ ሴቶች ይወርዳሉ። ከሩቅ ሲታዩ እግር ያበቀለ የጭራሮ ክምር ነው የሚመስሉት። ሸክሙ ከእነሱ ስለሚሰፋ መኪና ሲመጣ ወደ ጎን ዞረው ነው የሚያሳልፉት። አንዷ ሸክሟን ከግንብ አጥር ጋር አስደግፋ ስታርፍ አጠገቧ ነበርኩ። አልተቀመጠችም፤ ብትቀመጥ የሚያነሳት ሰው የላትም። ትንሽ ቆይታ ገመዱን ደረቷ ላይ አጠበቀች፣ ጉልበቷን አጠፍ አደረገች፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ «እህ!» ብላ ተነሳች።

ያቺ «እህ» ቀላል ነገር አይደለችም። ትንፋሽ ተይዞ ከባድ ነገር ሲነሳ የሆድ ውስጥ ግፊት ይጨምራል፤ ግፊቱም ወደ ታች ይጫናል። ታች ያለው ደግሞ ከዳሌ አጥንት ጋር የተያያዘ፣ እንደ ወለል የተዘረጋ ጡንቻና ጅማት ነው። የጠፍር አልጋ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ፊኛው፣ ማህፀኑና ደንዳኔው የተኙት በዚህ ጠፍር ላይ ነው። ጠፍሩ በወሊድ ሲለጠጥ ወይም ሲበጠስ፣ በዕድሜ ሲላላ፣ በሸክም ሲጎዳ የተኛው ይሰምጣል። «ማህፀኗ ወጣ»፣ «ማህፀኗ ወረደ» የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወርደው ማህፀኑ ብቻም አይደለም፤ ከፊት ፊኛው፣ ከኋላ ደንዳኔው የብልትን ግድግዳ እየገፉ ይመጣሉ። ስትስቅ ወይም ስታስነጥስ ሽንት የሚያመልጣትም ሴት የዚሁ ቤት ዘመድ ናት።

ስለዚህ ጉዳይ ማንበብ ስጀምር ተረቱ ያለው እናቶቻችን ቡና ላይ በሚያወሩት ውስጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሐኪሞቹም የራሳቸው ተረት እንደነበራቸው ያየሁት ቆይቼ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ፌስቱላ ይዟት ነው»

አይደለም። ፌስቱላ ቀዳዳ ነው። ምጥ ለቀናት ሲጓተት የሕፃኑ ጭንቅላት ፊኛውን ከአጥንት ጋር አጣብቆ ደም ይከለክለዋል፤ የሞተው ሥጋ ሲረግፍ ቀዳዳ ይቀራል፤ ሽንትም ቀን ከሌት ይፈሳል። የማህፀን መውረድ ግን የድጋፍ መላላት እንጂ ቀዳዳ አይደለም። ስሙ የተምታታው በደግ ሥራ ሰበብ ይመስለኛል። ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በ1974 የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን ከከፈቱ ወዲህ «ፌስቱላ» የሚለው ቃል ገጠር ድረስ ገባ። ማህፀኗ የወረደባት ሴት ግን ያን ያህል የታወቀ ስምም ሆነ የሚጮህላት ሰው አላገኘችም። የሐምሊን ሆስፒታሎች እሷንም ያክማሉ፤ ስሙን ሰምታ «የእኔ ቦታ አይደለም» ብላ ቤቷ የቀረች እንዳትኖር ነው የምጽፈው።

«የአንድ ሁለት ሴት ጣጣ ነው»

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ጎንደር ዳባት ወረዳ ወደ 400 የሚጠጉ ሴቶችን ጠይቀው ውጤቱን በ2013 አሳተሙ። ከታች የሚወጣ ነገር እንዳለባቸው የተናገሩት ከ100 ሴቶች 6 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ለመመርመር ፈቃደኛ የሆኑት ሲታዩ ግን ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ የሆነ መውረድ ተገኘ።

ይህ ልዩነት ሁለት ፍቺ አለው፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። አንደኛው፣ የወረደ ሁሉ በሽታ አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ ማለት ወደ ብልት አፍ የተጠጋ ማለት ነው። ብዙ የወለደች ሴት እንዲህ ሆና ምንም ሳይሰማት ትኖራለች፤ ካልተሰማት መታከም የለባትም። ሌላው ፍቺ ዝምታው ነው። በአማራ ክልል በኋላ በተሠሩ ሌሎች ጥናቶች ማህፀናቸው የወረደባቸው ሴቶች ሕመማቸውን እንደ ምሥጢር ደብቀው ዓመታት እንደቆዩ፣ መድኃኒት ይኖረዋል ብለው እንዳላሰቡ ተናግረዋል። መጠይቅ የያዘ እንግዳ ሰው ፊት ደግሞ «የለብኝም» ማለት ይቀላል። ስለዚህ ከ6ቱም ከግማሹም ቁጥር አንዱን ብቻ መዞ «ችግሩ ይህን ያህል ነው» የሚል ሰው ጥናቱን በግማሽ ነው ያነበበው።

ዳባት ላይ ከመውረዱ ጋር ተያይዘው የተገኙት ነገሮች በቀን 5 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከባድ ነገር መሸከም፣ የተጓተተ ምጥና የደጋ ገጠር ኑሮ ናቸው። ይህን ሳነብ መሪ ጣቢያ አጠገብ ያየኋት ባለ ጭራሮ ሴት ትዝ አለችኝ።

«የሰው ዓይን ነው፤ እርግማን ነው»

እዚህ ላይ ሴቶቹን አለመስማት ነው ተረት ያበዛው። በ2017 የታተመ የአማራ ክልል ጥናት ታማሚዎቹን ራሳቸውን ሲጠይቅ ብዙዎቹ ምክንያት ያደረጉት ጉልበትን ነው፤ በእርግዝና፣ በምጥና ከወለዱ በኋላ ያለ በቂ ዕረፍትና ምግብ መሥራትን። ይህ ከሕክምናው መጽሐፍ ብዙም አይርቅም። «አራስ ከባድ ነገር አታንሳ» የሚለው ያገራችን ወግም ተረት አይደለም። የጎደለው ወጉ ሳይሆን የሚጠብቀው ሰው ነው፤ ገንፎ የሚያገነፋላት፣ ውሃ የሚቀዳላት ዘመድ የሌላት አራስ በሳምንቷ እንስራ ታነሳለች። ጠበልም ብዙዎቹ ሄደዋል፤ መሄዳቸው ጥፋት የለበትም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድን ሲተካ ነው ጊዜ የሚበላው።

«በኦፕራሲዮን የወለደች አይነካትም» የሚለው ሌላው ወሬ ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። በ2018 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ከ1500 በላይ እናቶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት በኦፕራሲዮን የወለዱት ዘንድ መውረዱ በጣም አንሶ፣ በመሣሪያ ተስበው በተወለዱ ሕፃናት እናቶች ዘንድ ደግሞ በዝቶ አግኝቷል። አነሰ ማለት ግን ቀረ ማለት አይደለም፤ እርግዝናው ራሱ፣ ዕድሜና ሸክሙ የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። ለዚህ ብቻ ተብሎ ሆድ አይቀደድም።

«ማህፀኑ ካልወጣ መዳን የለም»

ይህኛው የሐኪሞቹ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ማህፀን ሲወርድ መፍትሔው ቆርጦ ማውጣት ሆኖ ቆይቷል፤ አሁንም በብዙ ቦታ የመጀመሪያው ምርጫ እሱ ነው። ነገር ግን ጥፋተኛው ጠፍሩ እንጂ የተኛው አይደለም። ኔዘርላንድስ ውስጥ 208 ሴቶች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ማህፀናቸው ተቆርጦ ወጣ፣ ግማሾቹ ማህፀናቸው እዚያው እንዳለ ከዳሌ ጅማት ጋር በክር ተሰፋላቸው። በ2015 የወጣው የአንድ ዓመቱ ውጤት መስፋቱ ከማውጣቱ እንደማያንስ አሳየ። 5 ዓመት ሲሞላ ደግሞ ማህፀናቸው በተሰፋላቸው ዘንድ ከላይ በኩል ተመልሶ መውረድ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ደም የሚበዛበት ወይም ካንሰር የተጠረጠረበት ማህፀን ነገሩ ሌላ ነው። ከዚያ ውጪ ግን ሴቲቱ «ማህፀኔ ሳይወጣ ይሆናል ወይ?» ብላ መጠየቅ ትችላለች፤ ጥያቄው ሞኝነት አይደለም።

የመረቡ ታሪክ ደግሞ ይብሳል። «የላላውን ሥጋ በራሱ ሥጋ ከመስፋት ፕላስቲክ መረብ ቢገባበት ይጠነክራል» የሚለው ሐሳብ ሲሰሙት ልክ ይመስላል፤ ለሆድ ቡአ ሠርቶም ነበር። ብሪታኒያ ውስጥ ከ1000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት በ2017 የታተመ ሙከራ ግን መረብ የገባላቸው ካልገባላቸው የተሻለ ጥቅም እንዳላገኙ፣ ከ10 ሴቶች ከአንድ በላይ የሚሆኑት ደግሞ በመረቡ ሰበብ ሌላ ችግር እንደገጠማቸው አሳየ። በሚያዝያ 2019 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አምራቾቹ በብልት በኩል ለማህፀን መውረድ የሚገባውን መረብ መሸጥ እንዲያቆሙ አዘዘ። ያን ጊዜ ስንት ሴት ውስጥ ገብቶ ነበር! እኛ ዘንድ ቀዶ ሕክምናው በአብዛኛው በክርና በራሷ ሥጋ መሆኑን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያዩ አሉ። በዚህኛው እንኳ ወደ ኋላ መቅረታችን በጀን።

«በእንቅስቃሴ ማህፀን ይመለሳል? ቀልድ!»

አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል የዳሌ ወለል ጡንቻ ልምምዱን ያስተዋወቀው በ1948 ነው። አሠራሩ ፈስ ለመያዝ እንደምንጨብጠው ጨብጦ ጥቂት ሰከንድ መቆየት፣ መልቀቅ፣ መድገም ነው፤ ቂጥም ሆድም ሳይወጠር፣ ትንፋሽ ሳይያዝ። በ2014 የታተመ 447 ሴቶችን የያዘ ሙከራ ልምምዱን በባለሙያ ለየብቻ የተማሩት ከዓመት በኋላ ስሜቱ እንደቀለላቸው አሳይቷል። ሙሉ በሙሉ የወጣን ማህፀን ግን ልምምድ አይመልሰውም። ሲያስሉ ለሚያመልጥ ሽንት ደግሞ መጀመሪያ የሚታዘዘው ይኸው ነው፤ ውጤቱን ለማየት ሦስት ወር ያህል መታገሥ ይጠይቃል። የሚከብደው ሥራው አይደለም፤ የትኛው ጡንቻ እንደሆነ ማግኘቱ ነው፤ ለዚህም ነው የሚያሳይ ባለሙያ የሚያስፈልገው።

ቀዶ ሕክምና ለማትፈልግ ወይም ለማትችል ሴት ማህፀኑን ደግፎ የሚይዝ የሲሊኮን ቀለበት አለ። አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የጥንት ግሪኮች ለዚሁ ሥራ በሮማን ፍሬ ግማሽ ይጠቀሙ ነበር። ቀለበቱ በባለሙያ ይለካል፤ በየጊዜው መውጣትና መታጠብ አለበት። ጨርቅ ጠቅልሎ መወተፍ ግን እሱን አይተካም፤ ያቆስላል።

«አንዴ ከተሠራ አበቃ»

በ2018 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከቀዶ ሕክምና 5 ዓመት በኋላ በተመራማሪዎቹ ጥብቅ መለኪያ ከግማሽ በላይ የሚሆነው «አልተሳካም» በሚለው መዝገብ ገባ። የሴቶቹ ስሜት ግን ከበፊቱ ተሻሽሎ እንደቆየ ነበር። የዳባቱ ነገር ተደግሞ መጣ ማለት ነው፤ መለኪያ የሚያየው ሌላ፣ ሴቲቱ የሚሰማት ሌላ። የጎንደር ተመራማሪዎችም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሴቶቹን ተከታትለው የኑሯቸው ሁኔታ በጉልህ እንደተሻሻለ ጽፈዋል። መቀመጥ፣ ሩቅ መንገድ መሄድ፣ ሰው መሃል መገኘት መቻል ቀላል አይደለም። ያስጨነቃቸው «ከባድ አታንሺ» የሚለው ትእዛዝ ነው፤ እንጨቱም ውሃውም ቤት ይጠብቃቸዋል።

ለሕክምና ለመሄድ ያሰበች ሴት በአቅራቢያዋ ካለው ጤና ጣቢያ ትጀምር፤ ወደ ሆስፒታል የማህፀንና ጽንስ ክፍል ሪፈር ያጽፉላታል። ምርመራው ረጅም አይደለም፤ ጋድም በይ፣ ሳል አድርጊ፣ አምጪ ትባላለች። ሲያስፈልግም እንደቆመች ትታያለች፤ ጠዋት ያልታየው ማታ፣ ተኝታ ያልወጣው ቆማ ይወጣልና። ካርድ ክፍል ሰው ስለሚሰማ ብዙዎቹ «ወገቤን» ብለው ያስመዘግባሉ። እሱ ግድ የለም፤ በሩ ተዘግቶ ሐኪሟ ወይም አዋላጇ ፊት ስትቀመጥ ግን «ከታች የሚወጣ ነገር አለ» ትበል። እዚያም «ወገቤን» ካለች የወገብ ክኒን ይዛ ትመለሳለች።