“ልደት” ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም



ዛሬ የማጫውታችሁ እኔው ራሴ ስለሠራሁት ስሕተት ነው። ባለፈው የምዝገባ ሰሞን ወላጆች የሞሉትን ፎርም ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ወደ ሰንጠረዥ ገለበጥኩ። ከዚያም አንድ የኤአይ ኤጀንት “ተማሪዎቹን በዕድሜያቸው ክፍል ደልድልልኝ፤ ለወላጆችም ደብዳቤ አዘጋጅልኝ” አልኩት። በደቂቃ ጨረሰው። እኔም በደንብ ሳላየው ላክሁት። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት አንዲት የ7 ዓመት ልጅ የትልልቆቹ ክፍል በር ላይ ቆማ ስታለቅስ አገኘኋት። ደብዳቤው እዚያ ነበር የመደባት።

ምን ሆነ መሰላችሁ? እናቷ የልደት ዓመቷን 2010 ብለው ጽፈዋል። ልክ ናቸው፤ ልጅቷ የተወለደችው መጋቢት 2010 ዓ.ም. ነው። ኤጀንቱ ግን እንደ ፈረንጆች 2010 ቆጠረውና በአንድ ጊዜ 8 ዓመት ጨመረባት! እናትየው አልተሳሳቱም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ የዓምዱ ራስጌ ላይ “ልደት” ብቻ ብዬ ትቼዋለሁ። ሥራዬ ሂሳብ ስለሆነ ደግሞ ይበልጥ አፈርኩ። “ብር ይሁን ዶላር ያልተጻፈበት ቁጥር ቁጥር አይደለም” የምል ሰው ነኝና።

ለመሆኑ ኤጀንት ምንድን ነው?

ኤጀንት ማለት ወኪል ማለት ነው። የኤአይ ኤጀንት ጥያቄ ከመመለስ አልፎ በእኛ ፈንታ ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ሥራውን የሚሠራው በተሰጡት መሣሪያዎች ነው፦ አንዱ ሰንጠረዥ ይከፍታል፣ አንዱ ይደምራል፣ አንዱ ደብዳቤ ይልካል። ከመሣሪያዎቹ አንዱ ደግሞ ሰንጠረዡ ምን ምን ዓምዶች እንዳሉትና በእያንዳንዱ ውስጥ ምን እንደሚጻፍ ያሳየዋል። ይህ የሰንጠረዡ ፕላን “ስኪማ” ይባላል።

ልብ በሉ ልጆች! ኤጀንቱ ብዙውን ጊዜ የመሣሪያውን ሆድ ዕቃ ከፍቶ አያይም። የሚያነበው ስሙን፣ ምን መስጠት እንዳለበትና ሰው የጻፈለትን መግለጫ ነው። እናንተ ግራ ሲገባችሁ “ቲቸር፣ በየትኛው አቆጣጠር ነው?” ትላላችሁ። እሱ ግን ሳይጠይቅ ገምቶ ሊያልፍ ይችላል።

ጥሩ መግለጫ እንዴት ይጻፋል?

መጀመሪያ የጻፍኩት መግለጫ “ሰንጠረዥ ያሳያል” የሚል ነበር። አሁን እንዲህ አድርጌ አስተካክዬዋለሁ፦

“የተማሪዎች መዝገብ ዓምዶችን ስምና ትርጉም ያሳያል። ስለ ዕድሜ ወይም ስለ ክፍል ከመሥራትህ በፊት መጀመሪያ ይህን ተጠቀም። የሚያስፈልገው የሰንጠረዡ ስም ብቻ ነው። የተማሪዎችን መረጃ ራሱን አያመጣም፤ ምንም ነገርም አይቀይርም።”

አያችሁ? ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚያስፈልግ፣ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደማይሠራ ተነግሯል። ዓምዶቹንም እንዲህ ገለጽኳቸው፦

1. የልደት ቀን፦ በፈረንጆች አቆጣጠር ብቻ። መጀመሪያ ዓመት፣ ቀጥሎ ወር፣ ከዚያ ቀን። ምሳሌ፦ 2018-03-15። (በኛ መጋቢት 6 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው።)

2. የአባት ስም፦ የቤተሰብ ስም አይደለም። እናትና ልጅ በዚህ ስም አይመሳሰሉም፤ ስለዚህ ቤተሰብን በዚህ አትቁጠር።

3. የመድረሻ ሰዓት፦ በውጭ አገር ሰዓት። ጠዋት በኛ 4 ሰዓት ከሆነ 10:00 ተብሎ ይጻፋል።

እነዚህ ሦስቱ እኛን ሐበሾችን በየቢሮው የሚያስቸግሩን ነገሮች ናቸው። እኛ ካልነገርነው ኮምፒውተሩ ከየት ያውቀዋል?

ትልልቆችም ይሳሳታሉ

ይህ የልጆች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ወደ ማርስ የላከው ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለው መንኮራኩር እዚያ እንደደረሰ ጠፋ። አንደኛው ቡድን የሞተሩን ግፊት በፓውንድ አስልቶ ሲሰጥ፣ ሌላኛው በኒውተን የተሰላ መስሎት ተጠቀመበት። የቁጥሩ መለኪያ ስለተምታታ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ሆነ።

እስቲ አሁን “እ.ኤ.አ.” ብዬ መጻፌን ልብ ብላችኋል? ያቺ ትንሽ ምልክት ራሷ መግለጫ ናት። አማርኛችን “ዓ.ም.” እና “እ.ኤ.አ.” እያለ ሲለይ የኖረው እንዲህ ያለው መምታታት እንዳይደርስ ነው።

የቤት ሥራ

ከወላጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ የአምስት ዘመዶቻችሁን ስም፣ የልደት ቀንና የሚኖሩበትን ከተማ በሰንጠረዥ ጻፉ። ለእያንዳንዱ ዓምድ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር መግለጫ ጨምሩ። ከዚያ ለጓደኛችሁ ስጡት። አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ከተረዳው ጎበዝ ናችሁ! ከጠየቃችሁ ደግሞ መልሱን መግለጫው ላይ ጨምሩበት።

ያቺ ልጅ አሁን ከእኩዮቿ ጋር እየተማረች ነው። ስታየኝ “ቲቸር፣ ዛሬ ስንት ዓመቴ ነው?” እያለች ትስቅብኛለች። እኔም ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ከመላኬ በፊት አንድ በአንድ አነባለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

ለሚቀጥለው ቅዳሜ በሰላም ያገናኘን።