አሮጌዋ ማሽን ማይክሮን የምትጠብቀው እንዴት ነው?

መጀመሪያ አንድ ስህተቴን ልንገራችሁ። በትንሽ ሚሊንግ ማሽን የናስ ሳህን ላይ ሁለት ቀዳዳ በሳሁ። እጀታው ላይ ያነበብኩት ቁጥር ልክ ነበር፤ ስለካው ግን በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት በ0.05 ሚሊሜትር ተሳስቷል። "ይቺ ታዲያ ምን አላት?" ትሉ ይሆናል። ለበር ማጠፊያ ምንም አይደለችም። በእጅ ሰዓት ውስጥ ግን የማርሾቹ ጥርስ ወይ ይጣበቃል ወይ ይላላል፤ ሰዓቱም ሊቆም ይችላል።

በስዊዘርላንድ የሰዓት ሥራ ከተማ በሌ ሎክል የምትመረተው የነበረችው አሲዬራ ኤፍ1 እንዲህ ላለው ረቂቅ ሥራ የምትሆን፣ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ማሽን ናት። ኮምፒውተር የላትም። ሆኖም ከ50 ዓመት በላይ ያስቆጠሩት ዛሬም ይሠራሉ። ምስጢሩ ምንድን ነው?

እንዲህ ባሉ ማሽኖች ዋናው ነገር እርስ በርስ የሚንሸራተቱት ገጾች ጠፍጣፋነት ነው። ባለሙያው ጠፍጣፋ መለኪያ ሳህን ላይ ስስ ሰማያዊ ቀለም ቀብቶ ከማሽኑ ገጽ ጋር ያሻሸዋል። ቀለም የነካው ቦታ ከፍ ያለው ነው፤ እሱን በእጅ ጥቂት ማይክሮን ይፍቀዋል። ይህን ደጋግሞ ይሠራል።

መለኪያው ራሱ ጠፍጣፋ መሆኑ በምን ይታወቃል? በሦስት ሳህን። ሁለት ብቻ ከሆኑ አንዱ ጎበጥ ሌላው ጎድጎድ ብሎ ሊገጥሙ ይችላሉ። ሦስቱም እየተዟዟሩ ሁለት ሁለት ሆነው ከገጠሙ ግን ጠፍጣፋ ናቸው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትወርዝ ስለዚህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1840 ለሳይንስ ጉባኤ አብራርቷል።

ወደ ስህተቴ ልመለስ። ጠረጴዛውን የሚገፋው ብሎን በዳዶው ውስጥ እንዲዞር ትንሽ ክፍተት ያስፈልገዋል። እጀታውን ወደኋላ ስትመልሱት ክፍተቱ እስኪያልቅ ቁጥሩ ይዞራል፣ ጠረጴዛው ግን አይንቀሳቀስም። እኔን ያሳሳተኝ ይኸው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ ቅረቡ፤ ካለፋችሁ ብዙ ተመልሳችሁ እንደገና ኑ።

አሮጌ ማሽን ለመግዛት ካሰባችሁ ቀለሙ አያታላችሁ። ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው የመንሸራተቻው መሃል ነው። ጠረጴዛውን መሃል ላይ ልክ አድርጋችሁ አጥብቁትና ወደ ጫፎቹ ውሰዱት። እዚያ ከጠነከረባችሁ መሃሉ ተበልቷል ማለት ነው፤ እሱን የሚያድነው ቀለም ሳይሆን እንደ ፍቂያ ያለ ሥራ ነው።